ትንሽ የተነዳች ፌራሪ ለምን ልታስከስር ትችላለች?

ያገለገለች ፌራሪ ኤፍ355 ልትገዙ ነው እንበል። ጣልያን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 የተመረተች መኪና ናት። አንዷ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዳለች፤ ሌላዋ 70 ሺህ። የቷን ትመርጣላችሁ? ብዙዎቻችን የመጀመሪያዋን እንላለን። ግን ቆዩ።

የዚህች መኪና ሞተር 8 ሲሊንደርና 40 ቫልቭ አለው። ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው፣ መካኒኮች ታይሚንግ ቤልት የሚሉት የጎማ ቺንጋ ነው። ጎማ ደግሞ የሚያረጀው በመሥራት ብቻ አይደለም። መኪናዋ ቆማም ቢሆን፣ ሙቀትና ኦክስጅን የጎማውን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጥሳሉ፣ እርስ በርስም ያቆላልፋሉ። ጎማው ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ክፍት የቀሩትን ቫልቮች ይመታሉ፤ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው።

ችግሩ፣ ቺንጋውን በደንቡ ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። ወጪው ያለው ከዕቃው ይልቅ በእጅ ሥራው ላይ ነው። ስለዚህ ሻጩን “ስንት ሄዳለች?” ብላችሁ ብቻ አትለፉ። “ቺንጋው መቼ ተቀየረ? ደረሰኙስ?” በሉት። ማስረጃ ከሌለው የማስቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ደረሰኟ የተሟላው ባለ 70 ሺህዋ፣ ኋላ ሲሰላ ርካሿ ልትሆን ትችላለች።