ኮምፒውተራችሁ ፈጥኗል፤ ግን ይታመናል?

ኮምፒውተር የሚወዱ ልጆች በተሰበሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ይቺን ዴስክቶፕ ብር ሳላወጣ ማፍጠን እችላለሁ?» የሚል። መልሱም አይዘገይም። አንዱ «ኦቨርክሎክ አድርጋት» ይላል። ሌላው የባዮስ ፎቶ ይለጥፋል። ሦስተኛው «ቮልቴጁን ከፍ አድርገው፣ በቃ» ብሎ ይዘጋዋል። ጠያቂው አመስግኖ ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እንደገጠመው ግን ማንም አይጠይቀውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ ሁለት ሳምንት ነው። ኮምፒውተርን ለአምስት ደቂቃ ማፍጠንማ ቀላል ነው። ከባዱ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ የደንበኛ ሥራችሁንና የቤተሰብ ፎቷችሁን አምናችሁ የምትሰጡት ፈጣን ኮምፒውተር ማግኘት ነው።

ነገሩ ምንድነው?

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። 4 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 4 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። ኦቨርክሎክ ደግሞ ፋብሪካው ከወሰነው በላይ እንዲመታ ማዘዝ ነው። ይህ የሚቻለው ፋብሪካው መጠባበቂያ ስለሚተው ነው። ከአንድ ሞዴል እጅግ ብዙ ቺፕ ያመርታል፤ ሁሉም እኩል ጠንካራ ሆነው አይወጡም። ደካማውም፣ ሙቅ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠውም፣ ርካሽ ፋን የተገጠመለትም በትክክል መሥራት አለበት። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚወሰነው ደካማውን ታሳቢ አድርጎ ነው። የእናንተው ቺፕ ጠንካራ ከሆነ ልዩነቱ ሳይነካ ተቀምጧል ማለት ነው።

የዚህ ታሪክ ዝነኛው ምሳሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ ነው። ርካሽ ቺፕ ነበር፤ ፍጥነቱም 300 ሜጋኸርዝ። ማዘርቦርዱ ላይ 66 ሜጋኸርዝ የነበረውን መነሻ ምት ወደ 100 ሲቀይሩት ግን ብዙዎቹ ቺፖች ያለምንም ችግር በ450 ሜጋኸርዝ ይሠሩ ነበር። 50 በመቶ ጭማሪ፣ ያውም በነጻ! በዋጋ እጅግ ከሚበልጠው ፔንቲየም ቱ 450 ጋር በብዙ ሥራ ይፎካከር ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ መጠባበቂያውን አምራቾቹ ራሳቸው አሟጠው ይሸጡታል። ለምሳሌ የኤኤምዲ ራይዘን 5 3600 መነሻው 3.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ግን በራሱ እስከ 4.2 ይወጣል። የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ከካርቶኑ እንደወጣ እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ስልካችሁም እንዲሁ ነው። ጌም ስትከፍቱ ይፈጥናል፣ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ይንቀረፈፋል። ለእኛ የተረፈው ትንሽ ነው። ጥያቄው ያችን ትንሽ ለማግኘት ምን እንከፍላለን የሚለው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

ኢኮኖሚክስ ስማር በጣም የጠቀመኝ ሐሳብ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር በጥቅሉ ጥሩ ነው ወይ ብለህ አትጠይቅ፣ የምትጨምራት ቀጣይዋ አንድ እርምጃ ዋጋዋን ታወጣለች ወይ ብለህ ጠይቅ። ለኦቨርክሎክ ልክ የተሠራ ጥያቄ ነው።

ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነቱን 10 በመቶ ጨመራችሁ እንበል። እንዳይንገዳገድ ቮልቴጁንም 10 በመቶ ከፍ ካደረጋችሁ 1.1 በ1.1 በ1.1 ይባዛል፤ ውጤቱ 1.33 ነው። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ማለት ነው። 88 ዋት ይበላ የነበረው ወደ 117 ዋት ይጠጋል፤ ያ ሁሉ ደግሞ ወደ ሙቀት ይቀየራል። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ቮልቴጅ ሳይነኩ ሊገኙ ይችላሉ። የመጨረሻዋ እርምጃ ግን ሁልጊዜ ከሁሉም ውድ ናት።

ሙቀቱ ላይ ለእኛ የተለየ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ጠራርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዩቲዩብ አንድ ፈረንጅ «በዚህ ቮልቴጅ 75 ዲግሪ ነው» ሲላችሁ የእሱ አየርና የእናንተ አየር አንድ አይደለም። የደጋው ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሳል፤ አቧራው ደግሞ መልሶ ይወስደዋል።

ለመሆኑ የእናንተው ይፈቅዳል?

በየቤታችን ያሉት ብዙዎቹ ዴስክቶፖች ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ናቸው። የእነዚህ ባዮስ የፍጥነት ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። በኢንቴል በኩል በደንቡ ኦቨርክሎክ የሚደረጉት ከቁጥራቸው በኋላ «ኬ» የሚል ፊደል ያላቸው ናቸው፤ ማዘርቦርዱም የ«ዜድ» ቤተሰብ መሆን አለበት። በኤኤምዲ በኩል አብዛኞቹ የዴስክቶፕ ራይዘኖች ክፍት ናቸው፤ ማዘርቦርዱ ግን እንደ ቢ450 ወይም ኤክስ570 ያለ መሆን አለበት፣ ኤ320 አይፈቅድም። ላፕቶፕ ከሆነ ተዉት።

የእናንተ ከማይፈቅዱት ወገን ከሆነ አትዘኑ። ትልቁ ጥቅም ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ አይደለም።

ተኝቶ የሚውለው ራም

ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሰው 3200 የሚል ራም ከፍሎ ይገዛል፤ ከዚያ ለዓመታት በ2400 ወይም በ2666 ይጠቀምበታል። ለምን? ራሙ የተጻፈበትን ፍጥነት እንዲይዝ ባዮስ ውስጥ ገብቶ አንድ ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። ምርጫው በብዙ ማዘርቦርዶች ኤክስኤምፒ ይባላል፤ ለአዲሶቹ ዲዲአር5 ራሞች ኤኤምዲ ኤክስፖ ብሎታል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ራም ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ፍጥነቱና ለመመለስ የሚወስድበት የምት ብዛት። ሁለተኛው ሲኤል ተብሎ ይጻፋል። ሲኤሉን በ2000 አባዝታችሁ ለፍጥነቱ ስታካፍሉት የመዘግየቱን ጊዜ በናኖሰከንድ ታገኛላችሁ። 2666 ሆኖ ሲኤል 19 ከሆነ ወደ 14.3 ናኖሰከንድ ይመጣል። 3200 ሆኖ ሲኤል 16 ከሆነ ልክ 10 ነው። 3600 ሆኖ ሲኤል 18 ከሆነስ? እሱም 10 ነው። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ስላያችሁ ብቻ አትሸወዱ።

ሌላው ነገር የራሙ ብዛት ነው። ብዙ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አንድ 8 ጊጋ ራም ብቻ ተሰክቶባቸው ይሸጣሉ። ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም በትክክለኛው ቀዳዳ ስትሰኩ መንገዱ ሁለት ይሆናል። በ2666 ፍጥነት አንዱ መንገድ በሰከንድ 21.3 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ሁለቱ 42.6። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ጌም ለሚጫወት ይሄ ከየትኛውም የፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ይበልጣል።

ስህተት ዝም ሲል

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃቴ ልምጣ። ፕሮሰሰር ሲበዛበት ብዙውን ጊዜ ይናገራል፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ራም ግን ዝም ብሎ ሊዋሽ ይችላል። አንዲት ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ትገለበጣለች፤ ፋይሉም ተበላሽቶ ሴቭ ይደረጋል። ስህተት የሚያርም ራም በሰርቨሮች እንጂ በቤት ኮምፒውተር ብዙም አይገኝም።

አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ አውቃለሁ። 3200 የተጻፈበትን ራም በራሱ ቁጥር ወደ 3600 አወጣው። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ጌሙ ሠራ፣ ፕሮግራሙም ፈጠነ። ሳምንታት አለፉ። ከዚያ አንዳንድ ቪዲዮዎች መሐል ላይ ካሬ ካሬ እየሆኑ መሰባበር ጀመሩ። ካሜራውን ጠረጠረ፣ ካርዱን ጠረጠረ፣ ሃርድ ዲስኩን ቀየረ። ራሙን የሚፈትሽ ፕሮግራም ስናስኬድ ግን ቀይ ስህተት በደቂቃዎች ውስጥ ወጣ። ወደ 3200 ሲመለስ ስህተቱ ጠፋ። ቀድሞ ተበላሽቶ የተቀዳው ግን አልተመለሰም። የካሜራው ካርድ ደግሞ ለቀጣዩ ሠርግ ጸድቶ ነበር። ለሙሽሮቹ ምን ብለህ ታስረዳለህ?

እንዴት ይሠራ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው አባባል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የማይተካ ፋይል ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይቀዳ። የባዮሱንም ቁጥሮች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ራምና ፕሮሰሰር አብራችሁ ከነካችሁ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ሦስተኛ፣ ከራም ጀምሩ። ኤክስኤምፒ ራሱ ኦቨርክሎክ ነው፤ ብዙ ጊዜ የዲዲአር4ን ቮልቴጅ ከ1.2 ወደ 1.35 ያወጣል። ስለዚህ ካበራችሁት በኋላ ሜምቴስት86 ፕላስን በፍላሽ ጭናችሁ ሌሊቱን አስኬዱት። እዚህ ላይ «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር የለም። አንድ እንኳ ከወጣ ፍጥነቱን ቀንሱ።

አራተኛ፣ ፕሮሰሰሩን የምትነኩ ከሆነ በ50 ወይም በ100 ሜጋኸርዝ እየጨመራችሁ ሂዱ። በየእርምጃው ኦሲሲቲ ወይም ፕራይም95 አስኬዱ፣ ሙቀቱን ደግሞ በኤችደብሊው ኢንፎ ተከታተሉ። ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች እንደ ሞዴላቸው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዘገያሉ። እኔ ለዘወትር አገልግሎት በከባዱ ፈተና እንኳ ከ85 እንዲያልፍ አልፈልግም።

አምስተኛ፣ የመጨረሻው የሠራ ቁጥር ላይ አትቁሙ፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሱ። ዛሬ በቀዝቃዛው ሌሊት ያለፈው ፈተና በበጋ ቀትር ላያልፍ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ለአንድ ሳምንት በተለመደው ሥራችሁ ተጠቀሙበት። ጠዋት ከቀዝቃዛ ይነሳል? ከእንቅልፍ ይነቃል? ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ይዘጋል? ብዙ ኦቨርክሎክ የሚወድቀው በፈተናው ሳይሆን በእነዚህ ተራ ሰዓቶች ነው።

አልነሳም ካለም አትደንግጡ። ከሶኬቱ ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ብታወጡ አብዛኛውን ጊዜ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ለዩፒኤስ ብር ፈልጉ። ፋይል እየተጻፈ ድንገት የሚጠፋ መብራት የትኛውንም ማስተካከያ ከንቱ ያደርገዋል።

ወደታች መሄድም አለ

ብዙ ሰው የማይሞክረው ተቃራኒው መንገድ ነው፤ ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን መቀነስ። በዚያው ቀመር መሠረት ቮልቴጁ 5 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል። ፕሮሰሰሩ ስለሚቀዘቅዝ በራሱ የሚያፈጥንበት ቦታ ያገኛል፣ ፋኑም ጩኸቱን ይቀንሳል። በእኛ ስስ አየር ይህ መንገድ የበለጠ ያዋጣል እላለሁ። ግን ይሄም ያለ ፈተና አይሆንም፤ ቮልቴጅ ሲያንስም ፕሮሰሰር ይሳሳታል።

«አምራቾቹ ያውቁበታል፣ እኔም እስከዚያው ልግፋ» የምትሉ ካላችሁ ሁለት ነገር አስታውሱ። በ2023 አንዳንድ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ኤክስፖ ሲበራ ማዘርቦርዱ በሚሰጣቸው ከፍተኛ ቮልቴጅ ተቃጠሉ፤ ኤኤምዲም ያንን ቮልቴጅ በ1.3 ገደበው። በ2024 ደግሞ ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አመነ። የባዮስ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። የተጎዳውን ቺፕ ግን ማስተካከያው አያድነውም። እነሱ ዋስትና ይሰጣሉ። እኛ ያገለገለ ዕቃ ከሱቅ ስንገዛ የምናገኘው ዋስትና ብዙ ጊዜ «እዚሁ ሞክረህ ውሰድ» ነው።

እኔ ቤት ያለው ኮምፒውተር ራሙ በተጻፈበት ፍጥነት ይሠራል፣ ቮልቴጁ ትንሽ ወርዷል፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ራሱ በመረጠው ፍጥነት ይሮጣል። ለቴሌግራም ግሩፕ የሚለጠፍ ቁጥር የለውም። ግን የጻፍኩት ነገር እንደጻፍኩት ይገኛል።

ዛሬ ማታ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሜሞሪን ተጫኑ። የራሙን ፍጥነትና ከቀዳዳዎቹ ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ራሙ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ቁጥር ካያችሁ፣ ወይም ከሁለት ቀዳዳ አንዱ ብቻ ተይዞ ካገኛችሁ፣ ከዚያ ጀምሩ።