ከመርጫው በፊት ዓይንና ጣት

ጥቅል ጎመንን ወንፊት የሚያስመስለው፣ ቲማቲምን ሰርስሮ የሚገባውና ማታ ማታ ችግኝ ቆርጦ የሚጥለው ትል አንድ ዓይነት አይደለም። ሁሉም የእሳት እራት እጮች ይሁኑ እንጂ አኗኗራቸው ለየቅል ነው። ቆራጩ ትል ቀኑን አፈር ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚውል ቅጠል ላይ የተረጨ መድኃኒት እምብዛም አያገኘውም፤ ከወደቀው ችግኝ ሥር አፈሩን ጫር ጫር ያደረገ ሰው ግን ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኘዋል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣውና እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ መግባቱ የታወቀው የቲማቲሙ ትል፣ ቱታ አብሶሉታ፣ ደግሞ በቲማቲም ቅጠል ሁለት ገጽ መካከል ቦይ እየቀደደ ስለሚኖር ርጭቱ ከላዩ ያልፋል። ለእሱ የሚበጀው ቦይ የታየበትን ቅጠል በጊዜ ቀንጥሶ በላስቲክ ቋጥሮ ማስወገድ ነው። ተባዩን ሳይለዩ በአንድ ጠርሙስ መርዝ ሁሉን እፈጃለሁ ማለት የሰፊ እርሻን ልማድ፣ ያውም መጥፎውን ልማድ፣ ጓሮ ውስጥ ማስገባት ነው።

የመርዝን መጨረሻ ለማየት የጎመኗን ዳይመንድባክ የእሳት እራት መመልከት ይበቃል። ሙቀት ሲመቻት በሦስት ሳምንት ግድም ከእንቁላል ወጥታ ለክንፍ ትበቃለች፤ በአንድ በጋ ብዙ ትውልድ ስለምታፈራ መርዙን የቻሉት ጥቂቶች ቶሎ ይበዛሉ። ዲዲቲን መቋቋሟ እ.ኤ.አ. በ1953 ከጃቫ ተዘገበ፤ በ1990 ደግሞ ሃዋይ ውስጥ ቢቲ የተባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ሳይቀር መልመዷ ታወቀ። ከዚህ የሚብሰው ግን መርዙ የሚገድላቸው ወዳጆች ነገር ነው። ትሉ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ደቃቅ ተርቦች አሉ፤ እጫቸው ትሉን ከውስጥ በልቶ ሲጨርስ ቅጠሉ ላይ እንደ ጥጥ ያለች ነጭ ወይም ቢጫ ቅንጣት ይሠራል። ብዙ ሰው የትል እንቁላል መስሎት ይህቺኑ ይጨፈልቃል፤ ጠባቂውን ገደለ ማለት ነው።

ትል በእጅ መልቀም የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚል አይጠፋም። ለሄክታር ጎመን እውነት ነው፤ ምንም እንኳ መጤው የአሜሪካ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 በቆሎውን ሲወርር ብዙ ገበሬ እየለቀመ የተከላከለ ቢሆንም። ለሃያ ሠላሳ ራስ ጎመን ግን በሁለት ቀን አንዴ ቅጠል መገልበጥ በቂ ነው። የዳይመንድባክ እንቁላል ከቅጠሉ ሥር፣ ከደም ሥሩ አጠገብ፣ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጨቅላው ትል አንዱን ገጽ ግጦ ሌላውን ስስ መስኮት አድርጎ ይተወዋል፤ ሲነኩት እየተንፈራገጠ በሐር ክር ይንጠለጠላል። ከባድ ዝናብ እነዚህን ጨቅሎች አጥቦ ስለሚጥላቸው ጎመን ይበልጥ የሚጎዳው በበጋ ነው፤ ውኃን ከላይ ማጠጣትም ትንሽ ይረዳል። ችግኙ በተተከለበት ቀን በደቃቅ መረብ ማልበስ ከሁሉም ይበልጣል፤ በመድኃኒት የተነከረ የወባ አጎበር ግን የሚበላ ቅጠል ላይ አይዘረጋም።

በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምቆ የሚረጨውስ? አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ የሚተማመኑበት አይደለም። የሳሙና ውኃ ለክሽክሽ እንጂ ለትል እምብዛም አይሆንም። የኒም ዛፍ ግን ሌላ ነው፤ ከፍሬው የሚገኘው ንጥረ ነገር ትሉ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ያውከዋል። ፀሐይ ቶሎ ስለምታከሽፈው ወደ ማታ መርጨት ይሻላል። ቢቲም እንዲሁ በፀሐይ ይከሽፋል፤ ትሉ ካልበላው ስለማይሠራም የቅጠሉን ሥር ማዳረስ ያስፈልጋል። የበላው ትል በሰዓታት ውስጥ መብላት ቢያቆምም የሚሞተው ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ በማግስቱ ሲንቀሳቀስ አይቶ ድጋሚ መርጨት ብክነት ነው። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ጠንካራ ኬሚካል ከተረጨ፣ ከርጭት እስከ አጨዳ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ችግሩ የጓሮ ጎመን ለዛሬ ምሳ ዛሬ ጠዋት መቀንጠሱ ነው።