ዎርድፕረስ፦ የጋራ የሆነው የድረ-ገጽ መሥሪያ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በዓለም ላይ ካሉ 10 ድረ-ገጾች 4ቱ ያህሉ የሚሠሩት ዎርድፕረስ በተባለ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የዜና አውታሮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ መሥሪያ ቤቶች፣ ነጋዴዎችና ማኅበራት ጽሑፍና ምስላቸውን ለሕዝብ ያደርሱበታል። ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፤ ማንም አውርዶ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል። በሀገራችንም ድረ-ገጻቸውን በዚሁ ፕሮግራም ያሠሩ ተቋማት ጥቂት አይደሉም።

ይሁን እንጂ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በፕሮግራሙ ዙሪያ የተነሣው ውዝግብ አንድ ከባድ ጥያቄ አስከትሏል። «የጋራ ነው» የሚባል ሀብት በተግባር የሚተዳደረው በማን ነው? ጥያቄው ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም፤ በአንድ ቦይ ውኃ የሚካፈል ሁሉ ያውቀዋል። ሰሊጥ ወይም ቡና ለውጭ ገዥ የሚያስተዋውቅ ዩኒየንም ሆነ በከተማ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ድረ-ገጹን በዚህ ፕሮግራም ካሠራ፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተዋል።

ዘሩ ከየት መጣ?

ከዎርድፕረስ በፊት ሚሼል ቫልድሪጊ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው «ቢ2» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ቫልድሪጊ ሥራውን ሲያቋርጥ ተጠቃሚዎቹ ያለ ባለቤት ቀሩ። ፕሮግራሙ ግን የተለቀቀው ሌሎች እንዲቀጥሉበት በሚፈቅድ ሕግ ነበር። በዚህም መሠረት በአሜሪካ ሂዩስተን የ19 ዓመት ተማሪ የነበረው ማት ሙለንዌግና በእንግሊዝ የሚኖረው ማይክ ሊትል ሥራውን ካቆመበት አንሥተው ግንቦት 19 ቀን 1995 ዓ.ም የመጀመሪያውን ዎርድፕረስ ለሕዝብ አቀረቡ።

ያ ሕግ ጂ.ፒ.ኤል የሚባል የአጠቃቀም ፈቃድ ነው። የፈቃዱን መንፈስ ለመረዳት ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠውን የአካባቢ ዘር ማሰብ ይበቃል። ዘሩን የተቀበለ ገበሬ ይዘራዋል፣ ምርጡን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ለሌላውም ይሰጣል። ዲቃላ የበቆሎ ዘር ግን ምርታማነቱ እንዳይቀንስ በየዓመቱ ከአምራቹ ይገዛል። ጂ.ፒ.ኤል በአካባቢ ዘር ልማድ ላይ አንድ ግዴታ ይጨምራል፦ ያሻሻለውን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው እርሱ ያገኘውን ነጻነት ተቀባዩን ሊከለክል አይችልም። አንድ ባለሙያ ቢተወው ወይም አንድ ኩባንያ ቢዘጋ ፕሮግራሙ የማይሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ዎርድፕረስን የሚያሻሽሉት በልዩ ልዩ ሀገራት የሚኖሩ ባለሙያዎች ናቸው። ከፊሎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው ቀጣሪያቸው ነው። ፕሮግራም ከሚጽፉት ሌላ የሚተረጉሙ፣ ስሕተት የሚለቅሙ፣ መመሪያ የሚያዘጋጁና ጀማሪዎችን የሚረዱ አሉ። ዎርድካምፕ በሚባሉ ጉባኤዎችም በአካል ይገናኛሉ፤ የመጀመሪያው በ1998 ዓ.ም በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደ ሲሆን፣ በአፍሪካም እንደ ካምፓላ ያሉ ከተሞች አስተናግደውታል።

የጋራ ድካማቸው በየጊዜው በአዲስ እትም ይወጣል። ዋና ዋናዎቹ እትሞች በታዋቂ የጃዝ ሙዚቀኞች ስም ይጠራሉ። ከዋናው ፕሮግራም ጋር የሚገጠሙና ፕለጊን የሚባሉ 60 ሺህ ያህል ነጻ ተጨማሪ ፕሮግራሞችም አሉ፤ አንዱ የዕቃ መሸጫ ይጨምራል፣ ሌላው የመልእክት መቀበያ ቅጽ ያዘጋጃል። ድረ-ገጾች እነዚህን ተጨማሪዎችና ማሻሻያዎቻቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከአንድ ማዕከላዊ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። የጠቡ መነሻ ገንዘብ ሲሆን፣ ጠቡ የተካሄደበት ሜዳ ይህ ማዕከል ነበር።

ወንፈሉን ማን ይመልስ?

መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም ሙለንዌግ በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ በተካሄደ ዎርድካምፕ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ደብሊው ፒ ኢንጂን የተባለውን ኩባንያ በይፋ ነቀፈ። ኩባንያው በዎርድፕረስ የተሠሩ ድረ-ገጾችን በሰርቨሮቹ ላይ እያኖረ ከደንበኞች ክፍያ የሚሰበስብ ነው። የሙለንዌግ ክስ ባጭሩ ሲቀመጥ፣ ከጋራው ሀብት ብዙ ያተርፋሉ፤ ለጋራው ሥራ ግን የሚመልሱት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም የሚል ነው። በወቅቱ በይፋ በተመዘገበው ቃል ኪዳን መሠረት አውቶማቲክ የተባለው የራሱ ኩባንያ ለጋራው ሥራ በሳምንት ከ3 ሺህ 700 ሰዓት በላይ ሲመድብ፣ የደብሊው ፒ ኢንጂን ድርሻ 50 ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር። አውቶማቲክም በንግድ ምልክት አጠቃቀም ስም ከኩባንያው ገቢ 8 በመቶ እንዲከፈለው ጠየቀ።

በገጠራችን ቋንቋ ክሱ ወንፈል በልቶ አለመመለስ ነው። ጎረቤቶቹ መጥተው ያረሱለት ሰው ተራው ሲደርስ ቢቀር ይታዘቡታል። ይሁንና አንድ ልዩነት አለ። ወንፈል በውል የታወቀ የተራ ብድር ነው፤ ጂ.ፒ.ኤል ግን ተጠቃሚው ጉልበት ወይም ገንዘብ እንዲመልስ አያስገድድም። ደብሊው ፒ ኢንጂንም በሕግ የተፈቀደውን እንደሚሠራና የምልክቱን አጠቃቀም እንዳልጣሰ ተከራክሯል። ስለዚህ አንደኛው ወገን የይሉኝታ ጥያቄ ሲያነሣ፣ ሌላው በፈቃዱ ቃል መልስ ሰጥቷል።

ጠቡ በቃል አልቀረም። መስከረም 15 ቀን የደብሊው ፒ ኢንጂን ሰርቨሮች ከማዕከሉ ተቆረጡ። ከአጭር ፋታ በኋላም እገዳው ቀጠለ። በዚህ ሰርቨር ላይ ድረ-ገጻቸውን ያኖሩ፣ በጠቡ እጃቸው የሌለበት ደንበኞች የደኅንነት ማሻሻያ በተለመደው መንገድ ማግኘት አልቻሉም። ኩባንያው መስከረም 22 ቀን በካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ጥቅምት 2 ቀን ደግሞ ኩባንያው የሚያስተዳድረው፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ድረ-ገጾች የሚጠቀሙበት ፕለጊን በማዕከሉ ውስጥ ስሙ ተቀይሮ በሌሎች እጅ ገባ። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም በሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ መዳረሻው እንዲከፈትና ፕለጊኑ እንዲመለስ አደረገ። ዋናው ክርክር ግን በቀጣዩ ዓመትም ቀጥሏል።

የውኃ አባቱ ባለ ማሳ ሲሆን

በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች የውኃ አባት ይመርጣሉ። የውኃ አባቱ ተራ ያወጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል። ሥርዓቱ የሚጸናው ተራው በሁሉም ፊት የታወቀ ስለሆነና ያዳላ የውኃ አባት በተጠቃሚዎቹ ስብሰባ ሊነሣ ስለሚችል ነው።

በዎርድፕረስ ዘንድ የሥልጣን አቀማመጡ ከዚህ ይለያል። ሙለንዌግ የፕሮጀክቱ መሪ ነው፤ ከደብሊው ፒ ኢንጂን ጋር በአንድ ገበያ የሚወዳደረው አውቶማቲክም የሚመራው በእርሱ ነው። የንግድ ምልክቱን የሚይዝ የዎርድፕረስ ፋውንዴሽን በ2002 ዓ.ም የተቋቋመ ቢሆንም፣ እርሱ በቦርዱ ውስጥ ይገኛል። ብዙዎች የፋውንዴሽኑ ሀብት አድርገው ያስቡት የነበረው ማዕከላዊ አድራሻ ደግሞ የሙለንዌግ የግል ንብረት መሆኑ በዚሁ ውዝግብ ጎልቶ ታወቀ። ዘሩ የሁሉም ነው፤ የውኃው በር ግን በአንድ ሰው ማሳ ውስጥ ነበር።

ለሙለንዌግ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፕሮግራሙ ከ20 ዓመት በላይ ሳይበተን የቆየው በእርሱ ጽናት ጭምር መሆኑን የሚመሰክሩ ብዙ ናቸው። ብዙ የሚያተርፉ ጥቂት ብቻ የሚመልሱ ከሆነም የጋራ ሀብት መድከሙ አይቀርም። ነገር ግን እውነተኛ ቅሬታ ያለው ሰው የዳኝነቱንም የበሩንም ቁልፍ ብቻውን ሲይዝ፣ ውሳኔው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን አመኔታን ያሳጣል።

ከጠቡ ወዲህ

ጥር 2017 ዓ.ም አውቶማቲክ ለጋራው ሥራ የሚመድበውን ጊዜ ወደ 45 ሰዓት ገደማ በሳምንት ዝቅ አደረገ። ውጤቱ ወዲያው ታየ። በአውሮፓውያኑ 2025 ሦስት ዋና እትሞች ይወጣሉ ተብሎ የታሰበው ቀርቶ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም የወጣው 6.8 የዓመቱ ብቸኛ እትም እንዲሆን ተወሰነ። እትሙ የይለፍ ቃል አጠባበቅን አጠንክሯል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አውቶማቲክ ወደ ሥራው እንደሚመለስ አስታወቀ። በዚህም 6.9 የተሰኘው እትም ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም ሊወጣ በቅቷል፤ በአንድ ጽሑፍ ላይ አብረው የሚሠሩ ሰዎች በየአንቀጹ አጠገብ ማስታወሻ እንዲተዉ ያስችላል። ሌሎች ባለሙያዎች ደግሞ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር «ፌር» የተባለ ፕሮጀክት ይፋ አደረጉ። ዓላማው ፕለጊኖችና ማሻሻያዎች ከአንድ ማዕከል ብቻ ሳይሆን ከብዙ ምንጭ እንዲገኙ ማድረግ ነው፤ በሩ ቢዘጋ ውኃው የሚያልፍበት ሁለተኛ ቦይ እንደ መቆፈር ይቆጠራል።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

ፕሮግራሙ ነጻ ነው ማለት ድረ-ገጹ ወጪና ጠባቂ አያሻውም ማለት አይደለም። አድራሻውና የሚቀመጥበት ሰርቨር በየዓመቱ ይከፈልባቸዋል። ድረ-ገጽ ያለው ወይም ሊያሠራ ያሰበ ማኅበር፣ ዩኒየን ወይም ነጋዴ የሚከተሉትን ቢያረጋግጥ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ የድረ-ገጹ አድራሻ በሠሪው ባለሙያ ስም ሳይሆን በባለቤቱ ስም ይመዝገብ። «ዶት ኢቲ» የሚለው የሀገራችን አድራሻ የሚተዳደረው በኢትዮ ቴሌኮም ነው። ባለሙያው ሥራ ቢለቅ ወይም ቢጣላ አድራሻው አብሮት መሄድ የለበትም።

ሁለተኛ፣ የዋና አስተዳዳሪው ይለፍ ቃል ቢያንስ በሁለት ኃላፊዎች እጅ ይኑር፤ ርክክብ ሲደረግም በሰነድ ይፈጸም።

ሦስተኛ፣ ማሻሻያ ሲወጣ አይዘግይ። ሳይታደስ የቆየ ፕለጊን ሳይታረም እንደቆየ ማሳ ነው፤ ሰርጎ ገቦች በአብዛኛው የሚገቡት በዚያ በኩል ነው። የማያስፈልግ ፕለጊን ይነቀል፤ ከማይታወቅ ምንጭ የተገኘም አይጫን።

አራተኛ፣ የድረ-ገጹ ሙሉ ቅጂ በየጊዜው ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ። ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ የሚያኖር ገበሬ የለም። ቅጂ ያለው ሰው አገልግሎት ሰጪው ቢዘጋ ወይም ቢጣላ ወደ ሌላ መዛወር ይችላል፤ የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ትልቁ ጥቅምም ይህ ነው።

በከተማ ያሉ ወጣቶችም በሥራው መሳተፍ ይችላሉ። አማርኛ ዎርድፕረስ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ትርጉም ለማቅረብ ፕሮግራም መጻፍ አያሻም፤ በማዕከሉ ተመዝግቦ አማርኛውን ማቅረብ ነው፤ አርታዒዎች አይተው ያጸድቁታል። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም የወጣው 6.5 እትም ባለቤቱ የሚፈልገውን የፊደል ቅርጽ ራሱ እንዲጭን ስለሚፈቅድ፣ ግእዝ ፊደል በድረ-ገጽ ላይ አምሮ እንዲነበብ ማድረግ ቀላል ሆኗል።

የዎርድፕረስ ፈቃድ ዘሩን ከሃያ ዓመት በላይ ነጻ አድርጎ አቆይቶታል። የቦዩን ነገር ግን ፈቃዱ አልወሰነውም። ተራውን ማን እንደሚያወጣ፣ በሩን ማን እንደሚይዝና የያዘውም ለማን እንደሚጠየቅ ተጠቃሚዎቹ አስቀድመው ካልተስማሙ፣ ጠብ በተነሣ ቀን የሚደርቀው የሌላው ማሳ ነው። ይህ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ለሚከራከሩ ኩባንያዎች እውነት እንደሆነ ሁሉ፣ የድረ-ገጹን ቁልፍ ለአንድ ሰው ብቻ ለሰጠ ማኅበርም እውነት ነው።