የትኛው ቀለም ይሄድልኛል?

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ካሉት ልብስ ስፌት ቤቶች ወደ አንዱ የምትገባ ሙሽራ ዛሬ ዛሬ ከዲዛይኑ ፎቶ ጋር አንድ ቪዲዮ ታሳያለች። ወንበር ላይ በተቀመጠች ሴት አገጭ ሥር ባለቀለም ጨርቆች ይፈራረቃሉ፤ በመጨረሻም «አንቺ መኸር ነሽ» ትባላለች። «እኔስ? ከፍዬ ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ?» ትላለች ሙሽራዋ።

ልብስ ሰፊዋ ጥያቄውን እንደ ቅንጦት አትቆጥረውም። የሠርግ ልብስ ገንዘብ ይበላል፣ ፎቶውም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ነገሩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪሱ የጎብላን ሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የሆነው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል፣ ጥቁሩ ክር ይደበዝዛል የሚል ስሞታ ይቀርብለት ነበር። መርምሮ እንዳየው ክሩ ደህና ነው፤ ያደበዘዙት ከጎኑ የተሸመኑት ቀለሞች ናቸው። ቀለም እንደ ጎረቤቱ መልኩን እንደሚለውጥ በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አብራራ። አንገት ላይ የሚያርፍ ጨርቅም ፊትን እንዲሁ ሊያፈካው ወይም ሊያጠወልገው ይችላል።

የሚስማማቸውን ቀለም ለመለየት ሰዎችን እንደ «መኸር» ባሉ አራት ወቅቶች የመመደቡን ልማድ በዓለም ያስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው የአሜሪካዊቷ የካሮል ጃክሰን መጽሐፍ ነው። አከፋፈሉ ከቆዳ ሌላ የጸጉርንና የዓይንን ቀለም ይመለከታል። የብዙው ሰው ጸጉር ጥቁር፣ ዓይኑም ቡናማ በሆነበት አገር እነዚህ ሁለት መለያዎች ብዙም አይለዩም። በዚያ አከፋፈል ጥቁር ሰዎች በአብዛኛው «ክረምት» በሚባለው ምድብ ይጠቃለሉ ነበር። የእጅ ደም ሥር አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ የሚለው መለያም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም።

እዚህ ላይ የሰፊዋ ዓይን ይጠቅማል። ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር ስንባባል የምንናገረው ቆዳችን ምን ያህል የፈካ ወይም የጠቆረ መሆኑን ነው። ከሥሩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላው ቃና ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ጠይም እህትማማቾች አንድ ዓይነት የሰናፍጭ ቢጫ ሲደረግላቸው፣ አንዷ ፊቷ ይበራል፣ ሌላዋ አመድማ ትመስላለች። ለሚዜዎች ሁሉ አንድ ቀለም ሲታዘዝ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። ሰፊዋ ያን ጊዜ ቀለሙን ሳትቀይር ደመቅና ጠቆር ያሉ ደረጃዎቹን ለየሰዉ እንዲያከፋፍሉ ትመክራለች።

ብርሃኑም ወሳኝ ነው። ሕንፃ ውስጥ ባለ ሱቅ በአምፖል ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት ጨርቆች በረንዳ ላይ ሲወጡ ይለያያሉ። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ከአናት ስለሚወርድ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ሰፊዋ ደንበኛዋን ጠዋት ቀጥራት፣ ሜካፕ ሳትቀባ፣ ጸጉሯን በነጭ ነጠላ ሸፍና፣ ፀሐይ በማይመታው በር አጠገብ ታስቀምጣታለች። «ጨርቁን ተዪው እህቴ፣ መስታወቱ ውስጥ ፊትሽን ብቻ እዪ» ትላታለች። የሚታየው የዓይን ሥር ጥቁረት መጉላቱ ወይም መለዘቡ፣ የአገጭ መስመር መጥራቱ ነው። የስልክ ካሜራ ብርሃንና ቀለምን በራሱ ስለሚያስተካክል፣ በሰልፊ ብቻ ወቅት የሚነግር መተግበሪያ አያስተማምንም።

የሀበሻ ቀሚስ የራሱ መላ አለው። መደቡ በአብዛኛው ነጭ ወይም ክሬም ነው፤ ፊት አጠገብ የሚደርሰው ቀለም የአንገቱ ጥለትና የነጠላው ጠርዝ ነው። የጨርቁ ንጣትና የአንገቱ ጥለት በጥንቃቄ ከተመረጡ የታችኛው ጥለት እንደ ልብ ሊሆን ይችላል። የምትወደው ቀለም ፊቷን የሚያጠወልግባት ሴትም ከወገቧ በታች ብታደርገው ምንም አትጎዳም።

ታዲያ መክፈል ለማን ይጠቅማል? ካሜራ ፊት ለምትሠራ፣ የልብስ ሳጥኗን ጠቅላላ ለማደስ ላሰበች፣ እየገዛች ሳትለብሰው ለሚቀርባት ሴት ሊጠቅም ይችላል። በዩኒፎርም ለምትውል፣ ወይም ያላት ልብስ ለተስማማት፣ በር ላይ የሚደረገው ሙከራ ይበቃታል።

ለመክፈል የወሰነች ደንበኛ አስቀድማ ትጠይቅ፦ ምርመራው በቀን ብርሃን ነው? ባለሙያው የጠይምና የጥቁር ሰዎችን ሥራ ማሳየት ይችላል? ውጤቱስ በጨርቅ ቁራጭ ይሰጣል? የመጨረሻው በተለይ ያስፈልጋታል፤ ሽሮ ሜዳ ሄዳ ጥለት ስትመርጥ ከክሩ ጋር የምታስተያየው ያንን ቁራጭ ነው፣ የስልክ ስክሪን ላይ ያለው ቀለም ከክሩ ጋር ላይገጥም ይችላል።