የቮልት ንባብ መቼ ይታመናል? ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ያለን ባትሪ ስለ መከታተል

ባለ ሸራ ጀልባ ሞተሯን አጥፍታ በነፋስ ስትጓዝ፣ የሌሊት መብራቷና የአደጋ ጊዜ ሬዲዮዋ የሚሠሩት በባትሪ ነው። ስለዚህ የቀረውን ኃይል ማወቅ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሲጋመስ 12.2 ገደማ ይሆናል። በሙሉና በግማሽ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። መልህቅ የሚስበው ሞተር ሲነሣ ንባቡ ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ከሶላር ፓነል ኃይል ሲገባ ደግሞ ግማሽ ብቻ የያዘ ባትሪ ከ13 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ኤሌክትሪክ ሲወጣም ሆነ ሲገባ የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ ንባቡን ያዛባዋልና።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ንባቡን ፀሐይ ሳትወጣ፣ መሣሪያዎች ለረጅም ሰዓት ጠፍተው ከቆዩ በኋላ ውሰዱ፤ በየዕለቱም መዝግቡ። 12.2 ሲደርስ ሳትዘገዩ ሙሉት፤ ጎድሎ የሚቆይ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት እየጠነከረ ዕድሜው ያጥራል። በጉዞ ላይ ባትሪውን ማሳረፍ ካልተቻለ፣ የገባውንና የወጣውን አምፔር ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ በኔጋቲቭ ገመዱ ላይ ይገጠም።