በወረርሽኝ ወቅት የባለሙያዎች የመንፈስ ጽናት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ በኋላ፣ የበርካታ ባለሙያዎች የሥራ ሁኔታ በአጭር ጊዜ ተለወጠ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በአዲስ አበባ የሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ። በሽታው አዲስ በመሆኑ መመሪያዎችም በየጊዜው ይሻሻሉ ነበር። ለአብነት፣ መጀመሪያ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲጠቀሙ የሚመከሩት በዋናነት ታማሚዎችና አስታማሚዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን ምክሩ ለመላው ኅብረተሰብ ሆነ። እንዲህ ያለው ለውጥ ከዕውቀት ዕድገት የሚመጣ ቢሆንም፣ በሥራ ላይ ያለውን ሰው ያስጨንቃል። በሽታውን ወደ ቤት ይዞ የመግባት ሥጋት ሲታከልበት ደግሞ ጫናው ይከብዳል።

የጫናው ምልክቶች

የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ ላይ ዝለትን፣ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ አድርጎ ይገልጸዋል። ሦስት መገለጫዎች አሉት፦
• የአቅም መሟጠጥና ድካም፤
• ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፤
• የሥራ ውጤታማነት መቀነስ።
እነዚህ ምልክቶች የስንፍና ወይም የድክመት ማስረጃ አይደሉም።

የሥራን ትርጉም መገንዘብ

የመንፈስ ጽናት ከችግሩ ባሻገር ያለውን ጥቅም ከማየት ይጀምራል። ናሙና የሚመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ የታማሚውን ፊት ላያይ ይችላል፤ በወቅቱ የሚያደርሰው ውጤት ግን ታማሚው ቶሎ እንዲታከም፣ አብረውት የሚኖሩትም ራሳቸውን እንዲለዩ ይረዳል። የወረርሽኙን ማብቂያ ማወቅ ባይቻልም፣ የዕለቱን ፈረቃ በጥንቃቄ መፈጸም ይቻላል። ሆኖም መልካም ዓላማ የጓንትም ሆነ የዕረፍት ምትክ አይሆንም። ባለሙያው የሚጸናው ሌሎችም ድርሻቸውን ሲወጡ ነው።

የሥራ ኃላፊዎች ድርሻ

• የሚታወቀውንና ገና ያልታወቀውን ለይቶ በግልጽ መናገር፤ ቀጣዩ መረጃ የሚሰጥበትን ጊዜ ማሳወቅ፤
• የግል መከላከያ ቁሳቁስና በቂ ዕረፍት ማመቻቸት፤
• ሠራተኞችን ከፍተኛ ጫና ካለበት ሥራ ወደ ቀለል ያለ በየተራ ማዘዋወር፤
• አዲስ ሠራተኛን ልምድ ካለው ጋር ማጣመር።

የቤተሰብና የኅብረተሰብ ድርሻ

ባለሙያን እንደ በሽታ ተሸካሚ ቆጥሮ ማግለል፣ ከሥራው ጫና በላይ ልብ ይሰብራል። ቤት አከራዮችና ጎረቤቶች ርቀታቸውን ጠብቀው ሰላምታ ማቅረብ፣ ቤተሰብም የቤት ውስጥ ሥራን መካፈልና ሳይነቅፉ ማዳመጥ ይገባቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ጫናውም ሲካፈሉት ይቀላል።

እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም የዕለት ተግባርን ማከናወን አለመቻል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የጤና ባለሙያን ማማከር ያስፈልጋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ሌሎችን የሚረዳ ሰው እርዳታ መጠየቁ የሙያው ነውር ሳይሆን አገልግሎቱን ለመቀጠል የሚያስችለው ጥንቃቄ ነው።