እስቲ ፊታውራሪውን ሆናችሁ ጻፉ

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ ከ«ሀ» እስከ «መ» ትመርጣላችሁ፤ ድርሰት አትጽፉም። ታዲያ ግቢ ገብታችሁ መምህሩ «ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ሁለት ገጽ ጻፉ» ሲል ምን ይመጣል? ብዙ ጊዜ የታሪኩ ማጠቃለያ። መጨረሻው ላይ «ደራሲው ማኅበረሰቡን ግሩም አድርገው ገልጸዋል» ይጨመርበታል። ስህተት የለውም እኮ! ግን መጽሐፉን ያላነበበም ይጽፈዋል።

ስለዚህ ጥያቄውን መቀየር ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ የሚነግረን ከታሪኩ ውጭ ያለ ተራኪ ነው። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ቤታቸው የገባበትን ክፍል ፊታውራሪ መሸሻ በራሳቸው አንደበት ይተርኩትስ?

እዚህ ጋ እስክሪብቶው ይቆማል። ፊታውራሪው ለእኛ ትዕቢተኛ ናቸው፤ ለራሳቸው ግን የዘራቸውን ክብር የሚጠብቁ አባት። ስለ ልጃቸው ልብ ምን ያውቃሉ? ምንስ አያዩም? በዛብህን «አንተ» ይሉታል ወይስ «አንቱ»? ይህችን አንዲት ቃል ለመምረጥ ብዙ ገጽ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ግድ ነው። (ቅጣት የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉ። እኔ ግን የትምህርቱ ዋና ቦታ ይሄ ይመስለኛል።)

እርማቱም እንደዚያው ነው። ገጹን በቀይ ከማልበስ ይልቅ ኅዳጉ ላይ «ይህን ፊታውራሪው ከየት ሰሙ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ እንደገና ማጻፍ።

ቤት ሞክሩት። ካነበባችሁት ልብ ወለድ በጣም የምትጠሉትን ሰው ምረጡና «እኔ» ብላችሁ አምስት መስመር ጻፉ። የቆማችሁበት ቃል ላይ ስትደርሱ መጽሐፉን መልሳችሁ ክፈቱ።